ጠባቡ በር

ኦልያው ወደብ ዳር፣ ሰርዲን በሚታሸግበት፣
የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሹመት ሰጡኝ በድንገት።
ከሊዝበን መጣሁኝ ደረቴን ነፍቼ፣
ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ባንገቴ አጥልቼ።
«ሥራ ማለት ፍጥነት» ብዬ ነው የጀመርኩ፤
ቆሞ ያገኘሁትን ሁሉ እየቆጠርኩ፣
የማን እጅ እንዳረፈ፣ ማን ውሃ እንደጠጣ፣
ማን ወደ ደጅ ወጥቶ በስንት ደቂቃ መጣ።

ዓሣው ከጀልባ ይወርዳል፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ከነበረዶ፤
ይታጠባል፣ ይቆረጣል፣ ጭንቅላቱ ተወግዶ፤
በእንፋሎት ይበስላል፣ ጣሳ ውስጥ ይደረደራል፣
ዘይት ይፈስበታል፣
ከዚያ ከማሸጊያው፣ ከአሮጌው ማሽን ይደርሳል።
እሷን ማሽን ዴኦሊንዳ ናት የምትነዳት፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደ እልኸኛ በቅሎ የገራቻት።

በመጀመሪያው ወር አዲስ መቁረጫ ገዛሁ፣
በእጥፍ የሚፈጥን፤ በግዢዬ ተኩራራሁ።
ቆራጮቹ ሲሮጡ ልቤም አብሮ ሮጠ፤
ቁጥሩም በሰሌዳው ወደ ላይ ፈረጠጠ።
ባለቤቱ ባልታዛር ትከሻዬን ቸብ አድርጎኝ
«ይኸው ሰው አገኘሁ» አለኝ፣ እስኪያሳፍረኝ።

በማሸጊያው ደጃፍ ግን ጣሳው ተቆለለ፣
ክዳን አልባ ጣሳ፣ እየተንጠለጠለ፤
መተላለፊያው ጠበበ፣ ዘይቱ ወለል ነካ፣
ኢዳሊና አዳለጣት፤ ክንዷ ተሰበረ ለካ።
ዴኦሊንዳም አለችኝ፣ እጇን እየጠረገች፣
ዓይኗን ሳታነሣ፣ ማሽኗን እያደመጠች፦
«ጌታው፣ አላየህም? በሩ አንድ ሰው ነው የሚያሳልፍ።
ከኋላ ብትገፋ፣ መጋፋት ነው የሚተርፍ።»

ሰማኋት። አልሰማሁም።
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ እንደሚፈታ
ያስተማረኝ መጣ፣ አንድ ንፋሳም ማታ።
መኪናው ደጅ ቆሟል፣ ሞተሩ እያጓራ፤
ሦስት ሺህ ጣሳ ጎድሎ፣ ስልኩ እየተጣራ፤
«ቶሎ፣ ቶሎ» እያልኩኝ በመስመሩ ስመላለስ
ዴኦሊንዳን አየኋት ቀዩን ቁልፍ ስትዳስስ።

ቀበቶው ቆመ።
የአርባ ሰው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ማን አዘዘሽ?» አልኳት፣ ጣቴ እየተንቀጠቀጠ።
አንድ ጣሳ አነሣች፣ ከዳሩ ዘይት ያመለጠ፤
በጥፍሯ ስፌቱን ዳስሳ ዘረጋችልኝ።
«ጆሮህን አስጠጋ» አለችኝ።
ይተነፍስ ነበር፣
ከፀጉር በቀጠነ ክር።

የማሸጊያው ጥርስ የላላው ከስንት ሰዓት ወዲህ ነው?
የሚያውቅ የለም። መዝገቤ ውስጥ ያለው
ውሃ የጠጣው፣ ደጅ የወጣው ብቻ ነው።

ከሳጥን አወጣን ስምንት መቶ ጣሳ፣ አንድ በአንድ እየዳሰስን፤
የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ወለል ላይ ተቀምጠን ለቀምን።
ሲነጋ ሁሉንም ጣልነው። መኪናው ባዶውን ሄደ።
ባልታዛርም ትከሻዬን አልነካም።

በማግስቱ ሰዓቴን ከኪሴ ከተትኩና
ዋልኩ ከማሽኗ ጎን፣ እንደ ተማሪ ሆንኩና።
አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ዝም ብሎ ማየት፤
ከባድ ሥራ ነው ለካ ሳይነኩ መመልከት።
በደቂቃ ስድሳ ጣሳ፣ ከዚያ በላይ አትችል፤
ታዲያ ከኋላዋ መቶ መከመር ምን ይባል?

መቁረጫውን አዘገየሁ።
ከቆራጮቹ ሁለቱን ወደ ማሸጊያው አዛወርኩ፤
አንዷ ክዳን ታቀብላለች፣ አንዷ በየሩብ ሰዓቱ
አንድ ጣሳ ቀዳ ስፌቱን ትለካለች፣
ግድግዳው ላይ በእርሳስ ትጽፋለች።
ጥርሱን በየዓርቡ ቀየርን፣ ሳይሰበር።

በሦስተኛው ሳምንት ባልታዛር መጣና
እጅ አጣጥፈው የቆሙ ቆራጮችን አየና
«ለቆመ እጅ ነው ደሞዝ የምከፍለው?» አለኝ።
እኔም በዴኦሊንዳ አፍ፦ «በሩ አንድ ሰው ነው የሚያሳልፍ።»
አልገባውም። የግድግዳውን ቁጥር አሳየሁት።
ቁጥር ሲናገር ዝም ማለት ያውቃል፤ ይህን አልነፍገውም።

ዛሬ ዴኦሊንዳ ጡረታ ወጥታለች፤
ቅዳሜ ገበያ ላይ በለስ ትሸጣለች።
«ማሽኔ ደህና ናት?» ትለኛለች፣
ስለ ልጅ እንደሚጠየቅ።

ሱቅ ስገባ ዓይኔ መደርደሪያው ላይ ይቀራል።
ጣሳ ገልብጬ ከሥሩ የታተመውን አነባለሁ፦
ቀን፣ ፈረቃ፣ መስመር።
የዚያ ሌሊት ቁጥር የትም የለም።
የሆነ ቦታ ስምንት መቶ ቤት
እራቱን በልቶ ተኛ።
ምንም አልሆነም።