«ዕድሜ» የሚለው ዓምድ

ድሮ በቅሬያችን መዝገብ ዕድሜ አይጻፍም ነበር፤
የሟች ስም፣ የአባት ስም፣ ቀኑ፣ የወጣው ብር፣
ማን እንደተቀጣ ቀርቶ ከቀብር።
አምና አንዲት ነርስ፣ የጎረቤት ልጅ፣ መዝገቡን ገለጠች፤
በቀይ እስክርቢቶ፣ በማስመሪያ፣ አንድ መስመር አወረደች፤
«ጋሼ፣ ይኼኛው ዕድሜ ይባል» አለች።
እሺ አልኳት። መስመር ምን ይጎዳል?
ስሞላው ነው ያወቅሁት፣ ስንት ነገር ያወጣል።

ይመር እንድሪስ፤ አርባ ስምንት።
የኮምቦልቻ መስመር ሹፌር፣ የሃያ ሦስት ዓመት።
እናቱ በክረምት ስለት ትሳል ነበር፣
የሐረጎ ገደል እንዳይበላባት በጉም ውስጥ ሲበር።
ስለቷ ሰመረ። ገደሉ አልገደለው፤
ወንበሩ ነው፣ ቁጭ እንዳለ የበላው።
ቁጭ ብሎ ቁርስ፣ ቁጭ ብሎ ጫት፣ ቁጭ ብሎ ሲጋራ፤
መናኸሪያ ላይ ሞተሩ እንደሞቀ፣ እሱ በረደ ያለተራ።

ደምሌ ካሴ፤ ሃምሳ አንድ። የማዘጋጃ ቤት ሒሳብ ሹም።
«አንድ ብቻ» የሚላት ነበረችው ከሥራ መልስ፣ ሁልጊዜም።
የመንግሥት ሳንቲም ሳያጎድል ጡረታ የቀረበ ሰው፣
እሱ ያልደመራትን አንድ ብቻ፣ ጉበቱ ደመረው።

ዘሀራ ሙሄ፤ አርባ ሁለት።
እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ።
በከሰል ጭስ ሳምቡሳ ስትጠብስ ያመሸች፣
ልጆቿን አብልታ ድስቱ ሥር የቀረውን ዘይትና ጨው የበላች፣
በሌሊት ከአራት ሰዓት በላይ ተኝታ የማታውቅ።
ልማድ ልበለው? ችግር ልበለው?
ነርሷ ያሰመረችው ዓምድ ጠባብ ነው፤
ቁጥር ይይዛል፣ ምክንያት አይችልም።

ሙህዬ አበጋዝ ግን ጋያውን ሲያጤስ ኖሮ ዘጠና አንድ ሞላ፤
እሱን ጠቅሶ ስንቱ አጤሰ፣ ስንቱን አፈር በላ!
ጋያው ሲወራ ኖረ፤ እግሩን ማን አነሣ?
ከቦሩ ሜዳ ሰኞ ገበያ፣ ደርሶ መልስ፣ በአንድ እፍኝ ቆሎ ምሳ።

እኔስ? ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ስኳር አራት ማንኪያ፣
ለአንዲት አቀበት ባጃጅ፣
በየክረምቱ ለቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ መብሺያ።
ነርሷ ክንዴን አስራ ነፋች። ቁጥሩን አይታ ዝም አለች።
ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ባጃጁን «ሂድ» አልኩት። ልጁ ሳቀ።
ከሸርፍ ተራ ወደ ላይ፣ ሦስት ጊዜ ቆሜ፣ ትንፋሼ እያለቀ።
በሦስተኛው ቀና ስል ጦሳን አየሁት፤ ለካ እዚያው ነበር፣
እኔ በሸራ ጣራ ሥር ስንት ዓመት ስበር።

ማታ መዝገቡን ገለጥኩ። ከዘሀራ በታች ያለው መስመር ባዶ ነው።
ማን እንደሚገባበት የሚያውቀው ያው የላይኛው ነው።
እኔ የማውቀው ስኳሩን ነው፤
ዛሬ ሁለት ማንኪያ።
ጸሐፊ ነኝና አልዋሽም፤
ሁለት ተኩል።