ስፌት ቁጥር አርባ አንድ

ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል፣ በኮሪያ፣ ጎጄ ደሴት ላይ፣
ጉሙ ሳይነሣ ገና ከክሬኖቹ በላይ፣
ሽማግሌ ፒዮ ይጸልያል፣ ያለቅሳል፤
እንባው ከመነጽሩ ሥር ወለሉን ያርሳል።
ሙን ኦክራን ከኋላ፣ ከምሰሶው ጥግ ሆና፣
«አሜን» ትላለች ከልቧ፣ ዐይኗን ጨፍና።

ከዚያ አውቶቡስ። ከዚያ በር። ከዚያ የብረት ቆብ።
ከዚያ ብረት በብረት ላይ ሲነባበር፣ ሲደረብ።

ሥራዋ መስማት ነው።
ትንሿን መመርመሪያ ቅባት ቀብታ፣
በስፌቱ ገላ ላይ በቀስታ ጎትታ፣
ድምፅ ትልካለች፣ የሰው ጆሮ የማይሰማው፤
ብረቱ ምሉእ ከሆነ መልሱ ቀጥ ያለ ነው።
ባዶ ካለ ግን በሆዱ፣ አየር የሸፈተበት፣
መስመሩ ሽቅብ ይዘላል፣ እንደ ደንጋጣ ልብ ምት።

ረቡዕ ከሰዓት። ስፌት ቁጥር አርባ አንድ።
ከውኃው መስመር በታች፣ ርዝመቱ ስምንት ክንድ።
ላዩ የዓሣ ቅርፊት፣ ሰሙ ያማረ ቅኔ፤
ወርቁ ግን ባዶ ነበር።
አወጣች ጠመኔ።

ሽማግሌ ፒዮ መጣ፣ ወገቡ ላይ ቁልፍ፤
የክፍሉ አለቃ ነው፤ እሱ ነው የሚያሳልፍ።
«እህቴ፣» አላት በቀስታ።
(ከቅጥሩ ውስጥ እህቱ ሆና አታውቅም ነበር።)
«መርከቧ ሐሙስ ትወጣለች፣ ቅጣቱ በቀን ነው፤
ስንት ቤተሰብ አለ በዚህች የሚያድረው?
ያቺ ቀዳዳ የሩዝ ፍሬ ናት፤ ጌታ ይጠብቃታል፤
አንቺም ጸልዪባት፣ እኔም እጸልያለሁ፣ ይበቃታል።»

ጸሎትስ ትወዳለች።
ግን ሃያ ሦስት ዓመት ብረት ስታዳምጥ፣
ባዶ በአሜን ሲሞላ አልሰማችም ከውስጥ።

ያስጨነቃት ሌላ ነው፤ የበያጁ ስም።
ዲልሾድ፣ የፈርጋና ልጅ፣ ዓመት እንኳ አልሞላውም።
ስፌት ከተፋቀ ደመወዙ ይቀነሳል፤
ሁለቴ ተቆርጦበታል፣ ሦስተኛው ያስመልሳል።
እውነቷ ያ ልጅ ላይ ነው የሚወድቀው እንጂ
አለቃው ላይ አይደለም።
ይህን እያወቅሽ፣ ኦክራን፣ በይ እንግዲህ ፍረጂ።

ከዚያ ደግሞ አሰበች፦ አንድ የማታውቀው መርከበኛ፣
ጭንቅላቱን ከዚህ ብረት ማዶ አስደግፎ ሲተኛ።

ጠመኔውን አዞረች።
ቢጫ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ሁለት የተጠላለፈ ጭረት፤
መስቀል አይደለም፤ የስሕተት ምልክት ነው፣ በደንቡ መሠረት።
ፎርሙ ላይ ጻፈች፦ አይለፍ።
ፒዮ ምንም አላለም። ቁልፎቹን ነካካ፣ ሄደ።

ማታ ሁለት ሰዓት፣ ሠራተኛው ሲበተን፣
ልብሷን ሳትቀይር ወረደች ወደ መርከቧ ሆድ።
ዲልሾድ ብቻውን ነበር፣ በደረቱ ተኝቶ፣
ያንን ያማረ ቅርፊት በመፋቂያ በልቶ።
ቀና ብሎ አያትና ጀርባውን ሰጣት።
አልተቀየመችውም። መብቱ ነው።

መብራቱን ከመንጠቆው አውርዳ ያዘችለት፤
ግራ ክንዷ ሲዝል ወደ ቀኝ አዛወረችለት።
ስለ ኢየሱስ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤
የሱን ቋንቋ አታውቅም፣ የሷን እሱ አጥርቶ አይሰማም።
አንዴ ብቻ «ቀስ» አለችው፣ «ሙቀቱን ቀንሰው»፤
ትንሽ ቆይቶ፣ ሳያያት፣ ቀነሰው።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ፣
ከዳር እስከ ዳር፣ የትም ሳይዘል፣ ሳይወላገድ።
ደመወዙ? ይቆረጣል። ያን ማስቀረት አትችልም።
ይመለስ አይመለስ፣ ገና ማንም አያውቅም።
ጉልበቷ ላይ ወረቀት ዘርግታ ለቢሮው ጻፈች፤
«ስፌቱ ጤነኛ ነው፤ እጁም» ብላ ፈረመች።

አሥር ሰዓት ተኩል። ያው ምሰሶ። ያው ጉም።
ሽማግሌ ፒዮ ተንበርክኳል፤ ድምፁ ግን አልወጣም።
አፍሮ ይሁን ተቆጥቶ፣ እሷ አላወቀችም።

መዝሙር ሲነሣ መጽሐፏን ገለጠች፤
ገጹ ጫፍ ላይ ቢጫ የጣት አሻራ አየች፤
ልትጠርገው ስትል እንቅልፍ ጣላት፤
አሜኑን ሌሎች አሉላት።