ስኳር አለበት

በግሪኖክ ወደብ፣ ዝናብ በማያጣው፣
መርከብ ከባሕር ማዶ ጥሬ ስኳር ሲያመጣው፣
አባቴ ዱጋልድ ነው ተሸክሞ የሚያወጣው።
ከረጢቱ ከብዶት፣ ትከሻው ተልጦ፣
ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ቡናማው ተቀምጦ
ማታ ቤት ይገባል፤
የራሱን ሻይ ግን በማንኪያ ጫፍ ይለካል።

እኔ በዚያ ዘመን በእናቴ ሆድ ያለሁ፣
በኩፖን ተመትሬ፣ በእፍኝ የበቀልሁ፤
ቀጭን፣ ነጭናጫ።

ኋላ አንድ መስከረም ደብተሩ ተሻረ፤
የስኳር ሰልፍ ቀረ።
ወንድሜ ሩአሪ ያኔ ነው የመጣው፣
ገና የሦስት ወር፣ ስም እንኳ ያልወጣው።
እናቴ ኢሶቤል፣
አሥራ ሦስት ዓመት ምላሷ የጾመ፣
"ይኼ ሻይ ስኳር አለበት?" ትላለች፤
"አለበት" ስንላት ደግማ ትጨምራለች።
በወተት አፍልታ፣ በቅቤ አብስላ፣
ትሪ ላይ ዘርግታ ጠጣር ከረሜላ፣
ቆርሳ ለእኔ ትሰጥ፣ ቆርሳ ለራሷ፣
ቆርሳ ለማይታየው፣ ለሆድ እንግዳዋ፦
"ብላ የኔ ጌታ፣
አሁን ገና አለቀ ጦርነቱ።"

ማን ይከልክላት?
አዋላጇም ራሷ "ለሁለት ብዪ" አለቻት።

ተወለደ። አሥር ፓውንድ። ጉንጩ ዳቦ።
መንደሩ እሰይ አለ።

ዛሬ ሰባ ሞልቶት፣ በኩሽናዬ መስኮት ሥር
ሸሚዙን ገልቦ ለመርፌ ሥጋ ሲመርጥ፣
ጣቱን ወግቶ ለማሽኑ ደም ሲያቀምስ፣
የዶክተሯ ቃል ይመጣብኛል፦
"ጽንስ ተማሪ ነው፤ ሳይወለድ ያጠናል።
በእትብቱ የደረሰውን የዓለም ልክ ያደርጋል፤
ቆሽቱም፣ ጉበቱም በዚያው ይቃኛል።
ያዘነብላል እንጂ አይፈርድም ታዲያ" አለች፤
ሲጋራውን፣ ቢራውን፣
አርባ ዓመት የነዳውን አውቶቡስ ቆጠረች።

"እማማ ናት በለኛ" አልኩት።
ሳቀና መርፌውን ከደነ።
"አንቺንስ ያዳነሽ እማማ ናት እንዴ?
የመንግሥት ደብተር ነው።
አንቺን ራሽን አሳደገሽ፤ እኔን እጇ።"

ምን ልመልስ? ሻይ ቀዳሁለት።
አሽትቶ፣ ልክ እንደ እሷ፣ ቀና ብሎ አየኝ፦
"ስኳር አለበት?"
"የለበትም" አልኩት።
"እኔ ግን አለብኝ" አለ፤ ጠጣው።

ማጣሪያው ከተዘጋ ስንት ዘመን ሆነው፤
ዝናቡ ብቻ ነው ሥራ ያልፈታው።
ስኒው ባዶ ሲሆን፣ ከልማድ ይሆናል፣
ምንም ያልሰፈረበትን ታቹን
በማንኪያ ሁለቴ ጠረገው።