ሆድ ያልተሣለበት ሥዕል

መምህር ይርሳው ነው ማስታወስን ያስተማረን፤
ስሙን ሰምተን ሳቅን፣ ስቆ ነው የማረን።
«ሰው የሰማው ሁሉ በማግስቱ ይረሳል»
ብሎ መስመር ሣለ፤
መስመሩ ቁልቁል ነው፣ እንዳንገረብ ውሃ በበጋ ይከሳል።
ሰኞ ለፈተና ወረቀቱን ሳየው፣
መስመሩ ልክ ኖሯል፤ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ማራኪ ግቢ ውስጥ እንዲህ ነው 'ምንውለው፦
ደወል በሰማ ቁጥር ምራቁ ስለሚወርድ ውሻ እየጻፍን ነው
ካፌው ሳህን ሲያጋጭ
ደብተር ጥለን ለሰልፍ የምንሮጠው።
ስታቲስቲክስ ሲገባ «አማካይ ሰው» አለ፤
ከፒያሳ እስከ አራዳ ዞርኩ፤
እሱን የመሰለ አንድም ሰው የለ።

ከዚያ የአንጎል ሥዕል መጣ፣ በሦስት ቀለም፤
ከአንገት በታች ያለ ምንም ነገር የለም።
መምህርቷ በዘንግ ነካ ነካ አርጋ፦
«ፍርሃት እዚህ ጋ ነው። ቁጣ ደግሞ እዚህ ጋ።»
አናቴን ዳሰስኩት። እውነት ይሆን እንዴ?
እኔ የማውቀው ሐዘን ታች ነው፣ ከሆዴ።
በእኛ ቤት አእምሮ ከፍቶት አያውቅም፤
ሆድ ነው የሚብሰው፣
አንጀት ነው የሚላወስ፣
ልብ ነው ወጥቶ የሚጠፋ።
ነገር ሲበዛም «ሆድ ይፍጀው» ይባላል፣
ሆድም ይፈጀዋል፣
አንድም የፈተና ጥያቄ ሳይወጣለት።

ሦስተኛ ዓመት ላይ መጠይቅ አስይዘው
አዘዞ ላኩን፣ እኔና ምንይችልን።
ሠላሳ አምስት ቤት። ሁለት እርሳስ። የፈቃድ ቅጽ።
ባጃጁ ከአስፋልቱ ዳር ጣለን፤
አቧራው ከኛ ቀድሞ በየደጁ ገባ።

(ስም መጻፍ ክልክል ነው፤ ዝማም ልበላቸው።)
እትዬ ዝማም ሽንኩርት ይመዝናሉ፤
አንዱን ያነሣሉ፣ አንዱን ይመልሳሉ።
«ባለፉት ሁለት ሳምንታት
ምን ያህል ቀን ድብርት ተሰማዎት?
ፈጽሞ፣ ጥቂት ቀን፣ ከግማሽ በላይ፣ በየቀኑ?»
«ድብርት ምንድነው፣ ልጄ?»
አብራራሁ፤ ከመጽሐፉ፣ አራት ነጥብ፣ አንድም አልዘለልኩ።
በትዕግሥት ሰሙኝ፤
እንደ ትንሽ ልጅ ነው የሰሙኝ።
«እሱስ የለብኝም» አሉ።
«እኔን ሆዴ ብቻ ነው።
ያ ልጅ ጫማውን ከደጃፍ ትቶ ከወጣ ወዲህ፣
ከሚያዝያ ወዲህ መሰለኝ፣
ሌሊት ሌሊት ይነሣና ቤቱን ይዞረዋል።»
«ማን? ልጅዎ?»
«ሆዴ ነዋ።
ይዞር ይዞርና ጫማዋን ለክቶ ይተኛል።»

ምንይችል በጆሮዬ፦ «ፈጽሞ ላይ አድርጊው፤
የለብኝም ብለዋል።»
እርሳሴ ከአራቱ ሳጥኖች ማዶ፣
ነጩ ዳር ላይ ቆመች።
እዚያ ጻፍኩት፤ ቃል በቃል፣ ጫማዋን ጭምር።
ልንነሣ ስንል፦
«አንቺንስ? አንቺን ማን ይጠይቅሻል?»
ጠያቂ ስለ ራሱ አይመልስም፤ ሥነ ምግባር፣ ምዕራፍ ሁለት።
«ደህና ነኝ» አልኩ።
ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት በፌስታል አስያዙን፤
ገንዘብ አልቀበል አሉ።

ቅጹ ከመምህር ይርሳው በቀይ ተሰምሮበት መጣ፦
«ኮድ አይደረግም። ይውጣ።»
ዝቅ ብሎ፣ በእርሳስ፣
በሌላ ቀን የተጻፈ የሚመስል፦
«እናቴም እንዲሁ ትል ነበር።»

የሳቅንበት ስም ያኔ ቆረጠኝ።
ይርሳው ብላ ስታወጣለት
ከሱ በፊት ማንን ቀብራ ይሆን?
አልጠየቅኩትም። እሱም ቀና አላለም፤
ስለ ናሙና አወሳሰድ ነበር የዕለቱ ትምህርት።

ሪፖርቱ ላይ፦ የናሙናው ብዛት፣ ሠላሳ አራት።