ግማሽ ሊትር

በወደቡ ጥግ፣ ጀልባ በሚያስሩበት፣
ውኃው ላይ ተዘርግቷል ባለሰባት ቀለም ጥለት።
ዝናብ የለም፤ ጥቅምት ገብቷል፤
ቀስተ ደመናው ግን ከታች ወጥቷል።
ጣቴን ነክሬ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ፤
ቤንዚን ነው። ለንዴቴ ምክንያት አገኘሁ።

ማመልከቻ ነበር በብብቴ ሸጉጬ የመጣሁት፣
“ሐይቁን ያጎደፉ ጀልበኞች ይጠየቁልን” ብዬ የጻፍሁት፤
ሰማንያ ቅጂ፣ ከነፊርማ ቦታው፣
ከፖሊ ጀርባ ካለችው ሱቄ ሌሊቱን ያባዛሁት።

መጀመሪያ የዘረጋሁት ለይርሳው፤
ስሙ ነው እንጂ ይርሳው፣
እሱስ ምንም ነገር አይረሳው።
እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሮ
አነበበው፣ በሞተሩ ላይ ተደግፎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ።

“ጥሩ ነው” አለኝ፤ “ቃሉም ያምራል፣ ቀለሙም ደማቅ ነው፤
ትናንት ማታ ግን መብራት አልነበረም። በምን አተምኸው?”

ዝም አልሁ።
ጄኔሬተሯ መጣችብኝ፣ ከሱቄ ደጃፍ ስታጓራ፣
ጭሷን ወደ ጎረቤት አዙሬላት፣ እኔ በውስጥ በሰላም ስሠራ።
ከግሽ ዓባይ ጥግ ከቆሙት ልጆች በሃይላንድ ጠርሙስ የገዛሁት፣
“እጥፍ ዋጋ!” ብዬ የተከራከርሁት፣
ከየት መጣ፣ የት ይሄዳል ብዬ ግን ያልጠየቅሁት
ግማሽ ሊትር።

“ያኔ በግንቦት” አለ፣ “ለአክስትህ ተዝካር ዘጌ ስወስዳችሁ፣
አባ እንድሪስ ደንገሉን እያሰረ ‘በታንኳ ላድርሳችሁ’ ቢላችሁ፣
‘ግማሽ ቀን ከየት እናመጣለን?’ ብለህ ሳቅህ። ‘ጨምር’ አልኸኝ።
ጨመርሁ። ሰባት ሆናችሁ ስትሳፈሩ
አንድም ሰው ‘ቀስ በል’ አላለኝ።

አላፈሰስሁም አልልህም።
የተቃጠለውን ዘይት የት ልድፋው? ገንዳ ያዘጋጀልኝ የለም።
እደፋለሁ፤ በሌሊት፤ ዓሣው የተኛ ይመስል።
ግን የእናንተ ችኮላ ነው፣ የእኔም እንጀራ ነው፣
ተደባልቆ የሚንሳፈፈው።”

“ባለቦቴውስ?” አልሁት፤ “ነዳጁን ደብቆ የሚሸጠውስ ሀብታም?
ባሕር ማዶ ጉድጓዱን የቆፈረውስ? የእኔና የእነሱ እኩል ነው እንዴ?” አልሁ፣ ድምፄ ከፍ አለ በጣም።
“እኩልማ አይደለም” አለ። “እነሱ በቦቴ፣ አንተ በጠርሙስ።
ግን ቦቴውን እስከዚህ ድረስ
ማን ጠርቶት ነው የሚገሰግስ?”

ከማዶ፣ ከማደያው፣ ሰልፉ ከሌሊት ጀምሮ ተኝቷል፣
ባጃጅ ከባጃጅ ኋላ፣ ሰማያዊ እባብ ሆኖ ተጋድሟል፤
ሁሉም የደበቀውን ይረግማል፣
ሁሉም ጀሪካኑን ታቅፏል።
ምሳዬ ትዝ አለኝ፦ የፎገራ ሽንኩርት፣ በፓምፕ ጠጥቶ፣
በአይሱዙ ተጭኖ መጥቶ፣
ወጤ ውስጥ ገብቶ።
ማንን ልክሰስ?
ሆዴንም ጭምር ተጠሪ ላድርገው?

ይርሳው እስክሪብቶዬን ተቀብሎ ፈረመ፤
ከእኔ ቀድሞ፣ ከከሳሾቹ መሐል፣ ስሙን አቆመ።
“አሁን አንተ” አለኝ።
“አመልካች” ከሚለው ሥር ብዕሬ ተንቀጠቀጠች፤
ወረደች፣ ወረደች፣ “ተጠሪ” ከሚለው አጠገብ ተቀመጠች።
ስሜን ከነአያቴ ጻፍሁ፣ የቤት ቁጥሬን ጨመርሁበት።
“ጀልበኞች” የሚለውን አልሰረዝሁትም፤ “እና” አልሁበት።

ሰባ ዘጠኝ ቅጂ ቀረ። የሚፈርም አለ እንደሆነ እንጃ።

“ሽምብጥ ድረስ ላድርስህ?” አለኝ፣ ገመዱን እየፈታ።
“በእግሬ እሄዳለሁ” አልሁት፣ ሰው የተለወጠ ጊዜ በሚናገርበት ኩራት፣
በረታሁ፣ ደረቴን ነፋሁ፣ በዘንባባው ጥላ አለፍሁ በእርጋታ።
ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ፀሐዩ ከረረ፤
ሱቄን የምከፍትበት ሰዓት አለፈ።

እጄን አነሳሁ።
ባጃጁ ቆመ።

ሒሳቡን ስከፍል አፍንጫዬን ነካሁ፤
ጣቴ ገና ይሸታል።