ድስት ከነወጡ

የጠፋውን ዕቃ መዝጋቢው እኔ ነኝ፤
ኮምቦልቻ ጣቢያ ወንበር ያጎበጠኝ።
አሥራ ሰባት ዓመት፣ ሰማያዊ መስመር፤
ቀን፣ ቀበሌ፣ ዕቃ፣ ግምት፣ ምስክር።
ሌባ መልኩ ምን ነው ብሎ ለጠየቀኝ፣
መልኩን አላየሁም፤ ወሩን ጠይቁኝ።

ፈትሉ ሲሽከረከር በሦስቱም ፈረቃ፣
ገጼ ነጭ ይውላል፣ ብዕሬ ሳይነቃ።
የሚጠፋው ቢኖር የሰካራም ጫማ፣
ወይ ገመድ ላይ ያደረ የጎረቤት ሸማ።

የሌሊቱ ፈረቃ ታጠፈ በሰኔ፤
የውሃ ቆጣሪ ጠፋ ብለው መጡ ወደ እኔ።
ሐምሌ ላይ ሽቦ ነው፣ የመብራት፣ የስልክም፤
ነሐሴ ቆርቆሮ፤ ዝናቡ ግን አይቆምም።
ጤፍ ሽቅብ ሲወጣ ከነጋዴው በረንዳ፣
መዝገቤ ይወፍራል እንደ ዓመት-በዓል ፍሪዳ።
ለኢንስፔክተሩ ብነግር፣ "ቁጥር አትተርጉም፣
ጻፍ ብቻ" አለኝ። ጻፍሁ። ቁጥሩ ግን ዝም አይልም።

ኅዳር በባተ ማግሥት እትዬ ዘምዘም መጡ፤
"ድስቴን ወሰዱብኝ!"
"ባዶውን?"
"ከነወጡ።
ድንችና ሽንኩርት ነው፣ የለበትም ሥጋ፤
ምድጃዬ ብቻውን ሲግል እንዲያው ነጋ።"

ግምት የሚል ዓምድ አለ፤ ብሩ ይጻፍበታል፤
የትኩስ ወጥ ግምት ስንት ተብሎ ይሞላል?
ሽቦ ገዥ አያጣም፣ ቆርቆሮም ይሸጣል፤
የፈላ ወጥ ይዞ ማን ገበያ ይወጣል?
ድስት፣ ስድስት መቶ ብር፣ አልሁና
ወጡን ዘለልሁት፤ እጄ ከበደና።

በሦስተኛው ማታ ሰውየው ተያዘ፤
ባጁን ያላወለቀ፣ ድስት የተሸከመ፣ ፊቱ የደነዘዘ።
ይማም አረቡ ነው፤ አንድ ጣቱን ማሽን የበላበት፣
ከፈረቃ ሲወጣ በመስኮቴ በኩል "እንዴት አደርህ?" የሚልበት።
የያዙትም በሯ ላይ፣ ሊመልስ ሲመጣ፤
ድስቱ በአመድ ታሽቶ ጥላሸቱ የወጣ፣
ልጆቹ ፈትገውት፣
እንደ አዲስ አርገውት።

እትዬ ዘምዘም ድስቱን አዩ፣ ገለበጡት፣ ታቹን፤
ከዚያ እሱን አዩ፣ የጎደለ ጣቱን።
"ምናለ ብታንኳኳ?" አሉት ቀስ ብለው፤
"የፈረቃ ሰው ነበርሁ" አለ። ቃሉ ይኸው ነው።

ክሱን አነሡለት። እኔም ገጹ ጠርዝ ላይ፣ በእርሳስ፣ አሳንሼ፣
የጤፍ ዋጋ ጻፍሁ፣ የዚያን ሳምንቱን አስታውሼ።
ኢንስፔክተሩ ካየው ላጲስ አያጣም፤
በቀለም ግን "ድስት ተመልሷል" አልሁ፤
ወጡን አልጻፍሁትም።