ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው ጆሮ

ዱሉዝ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ንፋስ በሚያፏጭበት፣
ያገለገለ ሸክላ የምሸጥባት ቤት፣
ዋይኖ ላሲላ የሚባል፣ ባለ ሱፍ ቆብ ሽማግሌ፣
ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፣ በረዶም ቢጥል፣ ሁሌ።

«ያ አለ?» ይለኛል። ስሙን ጠርቶት አያውቅም።
አለ፣ ከመስኮቱ ሥር። ያ ሸክላ አይጠፋም፤
በስልሳ ስምንት በጋ ያልገዛው ቤት የለም።

ሽፋኑ ላይ አራት ጸጉራም ጎረምሶች፣
ከኋላቸው ደግሞ ያለም ዝነኞች፣
እንደ ሠርግ ፎቶ ተደርድረው ቆመዋል፤
ሞት አስታርቋቸዋል፣ ሙጫ አዛምዷቸዋል።
ጺማሙ ፈላስፋ፣ አፍንጫው የተሰበረ ቡጢኛ፣
ድምፅ በሌለው ፊልም ስታለቅስ የኖረች ተዋናይ፣
የዋልታው አሳሽ ከነውሻው፣
ጥርሱን እንዳመመው ሰው ጉንጩን የደገፈ ባለቅኔ።
አንድ ዘንባባም አለ፣ በማሰሮ የቆመ።
እሱ ሰው ነበረ። ወራሾቹ በጠበቃ
«አባታችን ከነዚህ ጋር አይቆምም» ብለው ጻፉ፤
በቀለም ሸፍነው ዛፍ አደረጉት።

ዋይኖ መነጽሩን ያወልቃል። ወደ ብርሃን ያዘነብለዋል።
«ከፈላስፋው ትከሻ በላይ። ሦስተኛው ረድፍ። አየሽ?»
አየሁ። ግማሽ ጆሮ።
«የኔ ነው።»

ያን ቀን፣ ከማዕድን መጫኛው ጀርባ፣ ባዶ ሜዳ ላይ፣
ሐይቁ ክፉ ንፋስ ይልክ ነበር አሉ።
ካርቶን ናቸውና ዝነኞቹ ሁሉ፣
አንዱን ሲያቆሙት ሌላው ይገነደሳል፤
ፈላስፋው ሦስት ጊዜ በግንባሩ ተደፍቷል።
ዋይኖ የአናጢ ረዳት፣ የሃያ ዓመት ልጅ፣
በቀን ስምንት ዶላር፣ ምሳ በራስ።
«ከኋላው ቁምና ያዘው» አሉት። ያዘው።
ትንፋሹን ዋጠ። መብራቱ ብልጭ አለ።
ጆሮውን ግን መዋጥ አልቻለም።

«ከዚያ ሁሉ ታላቅ ሰው መሀል» ይላል፣
«ደም የሚዞርበት ይሄ ብቻ ነው፤ ሌላው ወረቀት።»
አራቱ ጎረምሶችስ? እላለሁ።
«እነሱማ ሰክረው ነበር፤ አይቆጠሩም።»

ታሪኩን ሲጨርስ እስክሪብቶ ያወጣል፣
እኔ ስልክ ሳነሳ ጆሮዋን ይከባል፣
አርባ ዶላር ሸክላ አሥር ዶላር ይሆናል።
በአንድ ክረምት ብቻ ሰባት ሽፋን።
ተቆጣሁ። ሳቀ። ቀኝ ጎኑን አዞረልኝ፤
«በዚህ በኩል ነይ፣ በዚያ አልሰማም» አለኝ።
ሠላሳ ዓመት የብረት ድንጋይ በመርከብ ሆድ ሲያራግፍ፣
ያቺው፣ የፎቶዋ ጆሮ፣ ደንቁራለች።

ሙዚቃውንስ ወደድከው?
«እኔ እንጃ» አለ። «አጫውቼው አላውቅም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል።
የዋይኖ ጆሮ ግን ከባዳም አልፎ፣
በሺህ በሺህ ታትሞ፣ በየሰው ቤት አድሮ፣
መደርደሪያ ላይ፣ ከድምፅ ማጉያው ጎን፣
የሰው ጭፈራ፣ የሰው ጥል፣ የሰው ዕርቅ
ሃምሳ ዓመት ሲያዳምጥ ኖሯል፣
ለሱ አንዲት ቃል ሳያቀብል።

መጋቢት ላይ ሦስት ሐሙስ ቀረ።
በአራተኛው አንድ ልጅ ከፋርጎ መጣ፣
ሽፋኑን አገላበጠ፣
«ይቺ ክብ ምንድን ናት? ቀንሺልኝ» አለ።
አልቀንስም አልኩት።
በሩ ተበርግዶ ንፋስ ገባ፤ ካርቶኑ ተርገበገበ።
ልጁ በሁለት እጁ ያዘው፣ ፊቱ ድረስ አንሥቶ፣
ዝነኞቹን ሁሉ ወደ እኔ አዙሮ።
ከጠርዙ በላይ
አንድ ጆሮ ታየኝ፣ ብርድ ያቀላው።